ፓኬጁን የበላው ፓኬጅ፦ የቱሉ ዲምቱ የኮምፒውተር ቤት ጉዳይ

ግንቦት 2017፣ ቅዳሜ ጠዋት። ስልኬ ጠራ። የአክስቴ ልጅ ናት። በዕድሜ ስለምትበልጠኝ "እታለም" ነው የምላት።

"አንተ ልጅ፣ ኮምፒውተሮችህ ፓኬጅ እየበሉ ነው።"

"የቱን ፓኬጅ?"

"ስንት ፓኬጅ አለ? የኢንተርኔቱን ነዋ! የወር ሞልቼ ሳምንት እንኳ አልቆየም።"

"ኮምፒውተሮችህ" ያለችው ወዳ አይደለም። የገዛቻቸው እሷ ናት። በዊንዶውስ ቦታ ሊኑክስ የሚባለውን ሥርዓት የጫንኩባቸው ግን እኔ ነኝ። ጥሩ ሲሠሩ የእሷ ናቸው፣ ሲበላሹ የእኔ።

እታለም ቱሉ ዲምቱ ላይ፣ የአዳማው የፍጥነት መንገድ ከሚጀምርበት ብዙም ሳይርቅ፣ ትንሽ የኮምፒውተር ቤት አላት። ታይፕ፣ ፕሪንት፣ ፎቶ ኮፒ፣ ላሚኔት፣ ጉርድ ፎቶ፣ የኦንላይን ፎርም መሙላት፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ለጀማሪዎች የኮምፒውተር ስልጠና። ደንበኞቿ የኮንዶሚኒየም ነዋሪዎችና የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው። ግንቦት ላይ ተመራቂዎቹ ፍላሻቸውን ይዘው እስከ በሩ ይሰለፋሉ። ኢንተርኔት ለሌላ ጊዜ ቢጠፋ ቢጠፋ፣ በዚህ ወር መጥፋት የለበትም።

ዘጠኝ ማሽን አላት። ሁሉም ያገለገሉ ናቸው። 4 ጊጋ ራም፣ አሮጌ ሃርድ ዲስክ። አምስቱ ላይ ኡቡንቱ 22.04፣ አራቱ ላይ ሊኑክስ ሚንት 21 አለ። ለምን ሁለት ዓይነት ሊኑክስ? መልሱ አያኮራም። መጀመሪያ አምስቱን ገዛች፣ ኡቡንቱ ጫንኩ። ከዓመት በኋላ አራት ጨመረች፣ በዚያን ጊዜ እጄ ላይ የነበረው ፍላሽ ሚንት ነበረው። አበቃ።

ወደ ሊኑክስ የገባነው ደግሞ በፍላሽ ቫይረስ ምክንያት ነው። ፎልደሩን ሁሉ ወደ ሾርትከት የሚቀይረውን ታውቁታላችሁ። አንድ ተማሪ ይዞት ይገባል፣ አሥር ተማሪ ይዞት ይወጣል። ከዚያ ስድቡ ለቤቱ ነው። ለታይፕ ሠራተኛው ልጅ ከፓወር ግዕዝ መላቀቅ ከባድ ነበር። አንድ ወር አኩርፎኝ ነበር። አሁን አይባስ በሚባለው የሊኑክስ መጻፊያ ነው የሚጽፈው፣ እንዲያውም እኔን ይቀድመኛል።

ከቃሊቲ ታክሲ ይዤ ሄድኩ። ስደርስ እታለም በስልኳ ሆትስፖት ከፍታ ለአንዲት ሴትዮ ፎርም እየሞላችላት ነው። ቀና ብላ አየችኝ። ሰላም አላለችኝም።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ሠራተኛውን ልጅ ነው። ፊልም አውርዶ ይሆናል ብዬ። ይቅርታ ጠይቄዋለሁ፣ እዚህም ልድገመው። ማሽኖቹ የሠሩትን በራሳቸው መዝገብ ይጽፋሉ፤ ሰው ከመወንጀል በፊት እሱን ማየት ነበረብኝ። ፕሮግራም እያወረደ የሚጭነው አፕት የጫነውንና ያሻሻለውን ሁሉ ከነቀኑ የሚያስቀምጥበት የታሪክ ፋይል አለው። ሌላው ጫኚ፣ ስናፕም የቅርብ ጊዜ ለውጦቹን ሲጠየቅ ይዘረዝራል።

አምስቱ ኡቡንቱዎች ላይ ያገኘሁት አንድ ዓይነት ነገር ነው። በኡቡንቱ 22.04 ፋየርፎክስ የሚመጣው በስናፕ ነው። ስናፕ ራሱ ካልተከለከለ በቀን አራት ጊዜ "አዲስ ነገር አለ?" ብሎ ይጠይቃል። ካለ ማንንም ሳያስፈቅድ ያወርዳል። ፋየርፎክስ በየአራት ሳምንቱ አዲስ ስሪት ያወጣል፣ በመሀልም ትንንሽ ጥገና አለ። የስናፑ ፋይል ከ200 ሜጋ ይበልጣል። እሱ ተደግፎ የሚቆምበት የጂኖም ጥቅል ደግሞ ግማሽ ጊጋ ገደማ ነው። በእርግጥ ስናፕ ሲችል ሙሉውን ሳይሆን ልዩነቱን ብቻ ያወርዳል። ሁልጊዜ ግን አይችልም። ሁለቱ ተገጣጥመው ሙሉ የወረዱበትን ቀን በአምስት አባዙት፤ ከሦስት ጊጋ ተኩል በላይ ነው። አንድም ሰው ምንም ሳይነካ።

እዚህ ላይ "ጥፋተኛው ስናፕ ነው" ብዬ ፋይሉን ልዘጋ ነበር። ደግነቱ ሚንቶቹንም ከፈትኳቸው። ሚንት ከስሪት 20 ጀምሮ ስናፕን በነባሪ ያግዳል፤ ስለዚህ እነሱ ንጹህ ናቸው ብዬ ነበር። አልነበሩም። በዚያው ሳምንት ሰኞ ልጁ አራቱንም በአንድ ቀን አሻሽሏቸዋል። ያዘዝኩትም እኔ ነኝ። "አፕዴት አድርግ፣ አፕዴት አድርግ" እያልኩ ለወራት ስጨቀጭቀው ከርሜ። የሊኑክስ ፈርምዌር የሚባለው ጥቅል ብቻውን ከ200 ሜጋ በላይ ነው። የሥርዓቱ ልብ የሆነው ከርነል አለ፣ የጽሑፍ ፕሮግራሙ ሊብሬኦፊስ አለ። አራቱም ማሽኖች ያንኑ ፋይል፣ ከዚያው ቦታ፣ በዚያው ሲም ካርድ፣ ለየብቻ አወረዱት።

ችግሩ ገባኝ። አንድ ቤት ውስጥ ዘጠኝ ሰው አለ እንበል። ዘጠኙም ለየብቻ ታክሲ ይዘው መርካቶ ሄደው አንድ አንድ ኪሎ ስኳር ይዘው ይመለሳሉ። አፕትም ይሁን ስናፕ፣ ስኳሩ ስኳር ነው። የሚያከስረው ታክሲው ነው።

ለእታለም ላስረዳት ሞከርኩ። "ፓኬጅ ማኔጀሩ ነው እኮ..." ስል አቋረጠችኝ። "ፓኬጅ ማኔጀሯ እኔ ነኝ፣ የምከፍለው እኔ አይደለሁ?" አለች። ልጁ ሳቁን አልቻለም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቱ ውስጥ የሚወርደው "ጥቅል"፣ የሚከፈልበት "ፓኬጅ" ሆኖ ቀረ። እኔም ከዚህ በኋላ እንዲሁ እላለሁ።

ለማታውቁት ባጭሩ። ኡቡንቱም ሚንትም ደብያን የሚባል የሊኑክስ ዓይነት ዘሮች ናቸው። ደብያን እ.ኤ.አ. በ1993 ተጀመረ። ዲፒኬጂ የሚባለው፣ አንድን ጥቅል ፈትቶ በየቦታው የሚያስቀምጠው መሣሪያ በዓመቱ መጣ። አፕት እ.ኤ.አ. በ1999 ከደብያን 2.1 ጋር ለሕዝብ ደረሰ። አፕት ገበያ እንደሚላክ ብልህ ልጅ ነው። ዶሮ ወጥ ልትሠሪ ነው ካልሽው ሽንኩርት፣ በርበሬና ቅቤ እንደሚያስፈልግ ያውቃል፣ ጓዳ ገብቶ ያለውን አይቶ የጎደለውን ብቻ ይገዛል። ስናፕ እ.ኤ.አ. በ2016 ከኡቡንቱ 16.04 ጋር ተስፋፋ። እሱ አገልግል ነው። አብዛኛው የሚያስፈልገው አብሮት ይመጣል፣ የአንተን ጓዳ አያምንም። ፍላትፓክ የሚባለውም እንደዚያው ነው፤ ልዩነቱ ብዙ ፕሮግራሞች አንድ መሶብ እንዲጋሩ ያደርጋል። የመጀመሪያው ፕሮግራም መሶቡንም ይዞ ስለሚመጣ ውድ ነው፣ ሁለተኛው ይረክሳል።

አገልግል መጥፎ ነገር አይደለም። ይህን ያየሁት ከሰዓት በኋላ ነው። መብራት ሄደ።

በዚያ ሰዓት አንዱ ሚንት ላይ ማሻሻያ እያስጨረስኩ ነበር። ዳታውን በራሴ ገንዘብ ሞልቼ ማለት ነው። ማሽኑ ድርግም አለ። መብራቱ ከአንድ ሰዓት በኋላ ሲመለስ ማሽኑ ተነሳ፣ ነገር ግን አፕት አልታዘዝም አለ። ጥቅሎቹ ግማሹ ተፈትተዋል፣ ግማሹ ሳይዋቀሩ ቀርተዋል። ልጁ ፊቱ ጠቆረ። "ጋሼ፣ ፎርማት ልናደርገው ነው?" አለኝ። የለም። ዲፒኬጂ በእንዲህ ዓይነት ጊዜ ራሱ መፍትሔውን ይነግርሃል፤ "ሥራዬ ተቋርጧል፣ ይህን ትዕዛዝ ስጠኝ" ብሎ ትዕዛዙን ይጽፍልሃል። ሰው ግን የስህተት ጽሑፍ ሲያይ አያነብም፣ ይደነግጣል። የተባለውን ጻፍን፣ የተንጠለጠሉትን አዋቅሮ ጨረሰ። አምስት ደቂቃ አልፈጀም።

ስናፕ ቢሆን ኖሮስ? አዲሱ ሙሉ በሙሉ ሳይዘጋጅ አሮጌውን አይለቅም። መሀል ላይ መብራት ቢሄድ ማሽኑ ሲነሳ አሮጌው እንዳለ ይቆያል። ፍላትፓክም እንዲሁ። መብራት በሚሄድበት ሰፈር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ክረምት እየገባ ነበር፣ ዝናብና ነጎድጓድ ሲጀምር እዚያ አካባቢ መብራቱ ምን እንደሚሆን ነዋሪ ያውቀዋል። ስለዚህ ጠዋት ላይ ጥርት ያለው ውሳኔዬ ማታ ላይ ደፈረሰ።

ሚዛኑን ወደ አፕት ያዘነበለው ፍላሽ ነው።

ከአምስቱ ኡቡንቱዎች ሁለቱ ላይ ሊብሬኦፊስ የተጫነው በስናፕ ነበር። ዲስክ ልቆጥብ ብዬ ትንሹን ጭነት መርጬ ሳበቃ ሊብሬኦፊሱን ረሳሁት፣ ልጁ በኋላ ከሶፍትዌር መደብሩ ጫነው። መደብሩ የሚያስቀድመው ስናፑን ነው። ስናፕ ፕሮግራሙን አጥር ውስጥ ያስገባዋል። የቤትህን ፎልደር ያያል፣ ፍላሽን ግን ለማየት የተለየ ፈቃድ ይፈልጋል። ፈቃዱ እዚያ ማሽኖች ላይ አልተሰጠም ነበር። አንድ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን ከፍላሽ ሊከፍት ሲል እንቢ ይለዋል። ልጁ ፍላሹ የተበላሸ መስሎት "ፍላሽህ ሞቷል" ብሎ ስንቱን መልሷል! ዴስክቶፕ ላይ ገልብጦ መክፈት እንደሚሠራ የደረሰበት በአጋጣሚ ነው። ለሁለት ወር እንደዚያ ሲሠራ ኖሯል፣ ለእኔ ግን አልነገረኝም። "ሊኑክስ እንዲህ ነው ብዬ ነው" አለኝ።

አጥሩ ለደህንነት ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ፈቃዱም በአንዲት ትዕዛዝ ይሰጣል። ነገር ግን ሥራው ሁሉ ከፍላሽ ወደ ፕሪንተር በሆነ ቤት፣ ፍላሽ የማያይ ፕሮግራም ምን ይሠራል? አሮጌው ዲስክ ላይ ደግሞ የስናፕ ፕሮግራም ጠዋት መጀመሪያ ሲከፈት ይጎትታል። ፋይሉ ታምቆ የተቀመጠ ስለሆነ እየፈታ ነው የሚያነበው። ደንበኛ ቆሞ ሲጠብቅ ያቺ ግማሽ ደቂቃ ረጅም ናት።

ልጁ ሌላ ሐሳብ አመጣ። ኢንተርኔት ላይ አይቶ ነው። ሌሎች ሰዎች የሠሩትን ጥቅል የሚያስቀምጡበትን የውጭ ማከማቻ፣ ፒፒኤ የሚሉትን፣ እየጨመርን አዳዲሱን ሁሉ በአፕት እናውርድ አለ። ይህን ቶሎ ነው የዘጋሁት። በራሴ ላፕቶፕ ላይ አምስት ፒፒኤ ደርድሬ፣ አንዱ የሌላውን ላይብረሪ ቀይሮ፣ አፕት እርስ በርሱ ተጣልቶ አንድ ሙሉ እሑድ በልቶኛል። ለአንድ ሰው ላፕቶፕ ይሁን። ለዘጠኝ ማሽን አይሆንም።

ስናፕን እንዳያሻሽል ማስቆም ብቻስ? ይቻላል። አዳዲሶቹ ስሪቶች ላይ "ያዝ" ማለት ይቻላል፣ እስክትለቀው አይንቀሳቀስም። ግን የምንይዘው ብሮውዘር ነው። ሰው ኢሜይሉን፣ የባንክ ሂሳቡን፣ የመንግሥት ፎርሙን የሚከፍትበት። ያልተሻሻለ ብሮውዘር በሕዝብ ማሽን ላይ ማስቀመጥ ዳታ ለመቆጠብ ብሎ በር ክፍት ማደር ነው።

የመረጥነው እንዲህ ሆነ። አፕት ዋናው ይሁን፣ ታክሲውም አንድ ይሁን።

አፕት ካቸር ኤንጂ የሚባል ትንሽ ፕሮግራም አለ። እታለም ሂሳብ የምትይዝባት ካሸሯ ማሽን ላይ ጫንነው፤ ዩፒኤስ ያላት እሷ ብቻ ናት። ሌሎቹ ስምንት ማሽኖች አፕታቸው በቀጥታ ወደ ውጭ እንዳይወጣ፣ በእሷ በኩል በ3142 ቁጥር በር እንዲሄድ አንድ መስመር ጻፍንባቸው። መጀመሪያ የጠየቀው ማሽን ጥቅሉን ከውጭ ያስመጣል፣ ካሸሯ ትይዘዋለች፣ የቀሩት ከእሷ ይወስዳሉ። በግቢው ገመድ ስለሆነ ከሲም ካርዱ ምንም አይቀነስም። የደስ ደሱ ደግሞ ሚንት 21 የተሠራው ኡቡንቱ 22.04 ላይ ነው፤ አብዛኛውን ጥቅል የሚያመጣው ከዚያው ከኡቡንቱ ማከማቻ ነው። ያፈርኩበት ሁለት ዓይነትነት ብዙም አልጎዳንም።

አንድ ጎረቤት፣ ኔትወርክ የሚያውቅ፣ "ያለ ኤችቲቲፒኤስ፣ ያለ ምስጠራ ነው እኮ የሚያወርደው፣ አትፈራም?" ብሎኝ ነበር። ጥያቄው ጥሩ ነው። የአፕት እምነት በመንገዱ ላይ አይደለም፣ በማኅተሙ ላይ ነው። የጥቅሎቹ ዝርዝር በዲጂታል ፊርማ ይታሸጋል፣ እያንዳንዱ ፋይል ከዝርዝሩ ጋር ይመሳከራል። መሀል ላይ የነካካ ካለ አይገጥምም። ለዚህም ነው ካሸሯ ይዛ ብታድል ችግር የሌለው።

ከዚያ ስናፑን ከአምስቱ ማሽኖች አወጣን። ሊብሬኦፊስን በአፕት፣ ፋየርፎክስን ደግሞ ሞዚላ እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ለሁሉም ከከፈተው ከራሱ የአፕት ማከማቻ። ፒፒኤ አልፈልግም ብዬ ይህን መጨመሬ ሳይከነክነኝ አልቀረም። ግን ይህ የፕሮግራሙ ባለቤት ራሱ የሚያወጣው ነው፣ የሚነካውም አንድ ፕሮግራም ብቻ። መጠኑም 70 ሜጋ ገደማ ነው።

እዚህ ሁለት ጊዜ ተሳሳትኩ። ሁለቱንም ልንገራችሁ፣ ሌላ ሰው ይድናል።

የመጀመሪያው፦ ፋየርፎክሱን ጫንኩ፣ ቀይሬያለሁ ብዬ ወደ ቤቴ ሄድኩ። በሳምንቱ ልጁ ደወለ። "ጋሼ፣ ስናፕ ተመልሷል።" እንዴት? የኡቡንቱ ማከማቻ ውስጥም ፋየርፎክስ የሚባል የአፕት ጥቅል አለ። ውስጡ ግን ባዶ ነው፣ ሥራው ስናፑን መጥራት ብቻ። የስሪት ቁጥሩ ፊት ላይ አንድ ትንሽ ምልክት ተለጥፎበታል፤ በዚያ ምክንያት አፕት ሲያወዳድር የሞዚላው ቁጥር ምንም ያህል ትልቅ ቢሆን የኡቡንቱው "አዲስ" ሆኖ ይታየዋል። ስለዚህ አሻሻልኩ ብሎ ወደ ባዶው ቀየረው፣ ባዶውም ስናፑን ጠራ። መድኃኒቱ የምርጫ ፋይል ጽፎ ለሞዚላ ማከማቻ 1000 ነጥብ መስጠት ነው። ከዚያ በኋላ አልተመለሰም።

ሁለተኛው፦ የሞዚላው ማከማቻ በኤችቲቲፒኤስ ነው የሚሠራው። ካሸሯ ደግሞ እንደዚያ ያለውን ካልፈቀዱላት አታሳልፍም። አምስቱም ማሽኖች ላይ ማሻሻያው በስህተት ቆመ። "ኤችቲቲፒኤስ ከሆነ በቀጥታ ውጣ" የሚል ሌላ መስመር ጨመርኩ። ፋየርፎክስ አሁንም አምስት ጊዜ ይወርዳል ማለት ነው፣ 350 ሜጋ ገደማ። ማስተካከያ መንገድ አለው። አልሠራሁትም። እታለም ከዚያ የበለጠ የምትጨነቅበት ነገር አላት።

ፍላትፓክ ሙሉ በሙሉ አልቀረም። ልጁ ለጉርድ ፎቶና ለሰርግ ካርድ ጂምፕ የሚባለውን የፎቶ ማስተካከያ ይጠቀማል። በዚያው በ2017 መጋቢት ላይ ጂምፕ 3.0 ወጥቶ ነበር፣ ከብዙ ዓመት ጥበቃ በኋላ። በኡቡንቱ 22.04 ማከማቻ ያለው 2.10 ነው። ልጁ አዲሱን ለመነኝ። ይህ ፍላትፓክ የተፈጠረለት ነገር ነው። አዲስ ስሪት ታገኛለህ፣ የሥርዓቱን ጓዳ አትነካም። በአንድ ማሽን ብቻ፣ በእሱ ማሽን ላይ ጫንነው። መሶቡን ጨምሮ የመጀመሪያው ማውረድ ከግማሽ ጊጋ በላይ ነበር፤ እሱን የእኔ ሰፈር ዋይፋይ ላይ አወረድኩት። ፍላትፓክ ፕሮግራሙን ከነመሶቡ ፍላሽ ላይ አውጥቶ ሌላ ማሽን ላይ ለመጫን የሚያስችል ትዕዛዝ አለው። ታክሲ ላይ ጂምፕ በኪሴ ይዤ ስሄድ ትንሽ ሳቄ መጣ።

አፕትን በምን እንንካው የሚለው ደግሞ ቀላል ነበር። ልጁ ጥቁሩን ስክሪን ይፈራል፣ እኔ እወደዋለሁ። እሱ ሚንቶቹ ላይ በጋሻዋ ምልክት፣ ኡቡንቱዎቹ ላይ በማሻሻያ መስኮቱ ይሠራል። እኔ ከርቀት ስገባ በአፕት። ለጻፍኩት ትንሽ ስክሪፕት ግን አሮጌውን አፕት ጌት ነው የተጠቀምኩት። አፕት ራሱ ስክሪፕት ውስጥ ሲገባ "አጠቃቀሜ ሊቀየር ይችላል፣ ተጠንቀቅ" እያለ ያስጠነቅቃል። የመከረህን መስማት ነው።

ማሻሻያው ሰኞ ጠዋት ሆነ። ደንበኛ ሳይመጣ፣ ዝናቡም ሳይጀምር። በአንዴ ዘጠኙን አይደለም፤ መጀመሪያ አንዱን፣ ደህና ከሆነ ሌሎቹን። የመብራቱን ነገር በዚህ ነው ያቃለልነው፣ አላጠፋነውም።

አንድ ሰኞ ልጁ እንደገና ደወለ። "ሁሉም እንቢ አሉ ጋሼ፣ ስምንቱም።" ልቤ ወረደ። ግማሽ ሰዓት በስልክ ስንፈትሽ ቆየን። በመጨረሻ "ካሸሯ ማሽን ምን ትላለች?" አልኩት። ዝም አለ። ከዚያ በሩቁ የእታለም ድምፅ ተሰማ።

"እሷማ ጠፍታለች። አልከፈትኳትም፣ ሂሳብ የለኝ ዛሬ።"

ልጁ አሁን ግድግዳው ላይ፣ ከፎቶ ኮፒው ዋጋ ዝርዝር በታች፣ በእጁ የጻፈው ወረቀት አለ። "ሰኞ፦ መጀመሪያ የእትዬ ማሽን ይከፈት።" እታለም ከሥሯ በእስክሪብቶ "እና ፓኬጅ ይሞላ" ብላ ጨምራበታለች።